«ነጻ» የተባለው ዕዳ

በኢንተርኔት ስለሚካሄዱ የሚና ጨዋታዎች በአገራችን የሚሰማው ክርክር ሁለት ድምፅ ብቻ ነው ያለው። በአንድ ወገን ወላጅ፣ መምህርና ሰባኪ ተሰልፈው «ጌም ልጆቻችንን በላብን» ይላሉ። በሌላው ወገን ወጣቱ ዐይኑን ከስልኩ ሳይነቅል «ነጻ ነው፤ የማንን ገንዘብ አጠፋሁ?» ሲል ይመልሳል። አዲስ አበባም ቢሆን፣ ጎንደርም ቢሆን፣ ደብረ ታቦርም ቢሆን ነገሩ ያው ነው፤ ይጯጯሃሉ እንጂ አይደማመጡም።

እኔ በበኩሌ ሁለቱም ስተዋል እላለሁ። ከሳሹ የከሰሰው ንጹሑን ነው፤ ተከሳሹም ጋሻ አድርጎ ያነሣው ዋናውን ጥፋተኛ ነው። ወላጅ የሚፈራው ልጁ ያልሆነውን ሰው መስሎ፣ በሌለ አገር፣ ካላያቸው ሰዎች ጋር መዋሉን ነው፤ የጨዋታው በጎነት ግን ያለው እዚያው ላይ ነው። ወጣቱ የሚመካው ጨዋታው ያለ ክፍያ በመገኘቱ ነው፤ መርዙ ግን ያለው እዚያ ላይ ነው። እንግዲህ ክሱ አድራሻውን ይለውጥ፦ ሚናው ይፈታ፣ «ነጻ»ው ይያዝ።

አስቀድሞ ስለ ምን እንደምንነጋገር እንወቅ። ነገሬ ስለ ኳስ ጌሙ ወይም ስለ መኪና እሽቅድምድሙ አይደለም። ተጫዋቹ አንድ ገጸ ባሕርይ ፈጥሮ፣ ስም አውጥቶለት፣ ሙያ መርጦለት፣ ከብዙ ሺህ ሰዎች ጋር በአንድ ምናባዊ ዓለም ውስጥ ስለሚኖርበት ጨዋታ ነው። የዚህ ዘር አባት ኮምፒውተር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተሰኘውን ጨዋታ ለአንባቢ ሲያቀርቡ የሚያስፈልገው ወረቀት፣ እርሳስ፣ ዳይስ የሚባለው ባለ ቁጥር ጠጠርና በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጡ ወዳጆች ብቻ ነበር። በ1978 በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሮይ ትራብሾና ሪቻርድ ባርትል ያንኑ ሐሳብ ሥዕል በሌለው፣ ጽሑፍ ብቻ በሆነ የኮምፒውተር ዓለም ውስጥ አስገቡት። ቆይቶም እንደ «ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» (2004) ያሉት በየወሩ 15 ዶላር ገደማ እያስከፈሉ ሚሊዮኖችን ሰበሰቡ። በዚሁ ዘመን ሌላ መንገድ ተከፈተ፤ በእንግሊዝ «ሩንስኬፕ» በ2001፣ በደቡብ ኮሪያ «ሜፕልስቶሪ» በ2003 «ግቡ፤ መግቢያው ነጻ ነው» እያሉ መጡ። ከቻይና የወጣው «ጌንሺን ኢምፓክት» በ2020 ያንኑ ጥሪ ወደ ስልክ አወረደው። ዛሬ በእጃችን የሚገኘው የዚህ የኋለኛው መንገድ ልጅ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ክስ እንሂድ። «ልጁ የሌለ ሰው መስሎ ይውላል፤ ይህ ሐሰት ነው፤ ባዕድም ነው» ይባላል።

ባዕድ ነውን? ነሐሴ 13 ቀን የደብረ ታቦር በዓል፣ የቡሄ ዕለት፣ ልጆች በትራቸውን ይዘው ከደጅ ደጅ ሲዞሩ እንያቸው። አንዱ አውጪ፣ ሌሎቹ ተቀባይ ናቸው። ለዚያች ቀን የቤቱን ጌታ ማሞገስም፣ ሙልሙሉ ሲዘገይ መጎሸምም ይፈቀድላቸዋል። የሌላ ቀን እንዲያ ደጅ ቢመቱ ባለጌ በተባሉ ነበር። በሚናቸው ውስጥ ሆነው ግን ድፍረታቸው ያስመርቃቸዋል። በገና ጨዋታም ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ላይ ገብተው ዱላ ይማዘዛሉ፤ የዚያ ዕለት ጌታው በሎሌው ድፍረት አይቆጣም። እኛ ሚና የምንለዋወጥበት ቀን ለይተን፣ ሕግ አበጅተንለት የኖርን ሕዝብ ነን።

ከዚያም ከበድ ያለውን እናንሣ። የቆሎ ተማሪው ከወላጆቹ ቤት ወጥቶ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ሲሰደድ የሚያደርገው ምንድር ነው? ቤቱ ሙሉ የሆነ ልጅ ሳይቀር በሰው ደጅ ቆሞ ይለምናል። ልመናው የሚያስፈልገው ለእንጀራ ብቻ አይደለም፤ ትዕቢት የሚሰበርበት፣ ሌላ ሰው ሆኖ ዓለምን የሚያይበት ትምህርት ነው። በጋይንት ቤተልሔም፣ በድጓው ምስክር ቤት፣ እንዲህ ሆነው ደርሰው የወጡት መምህራን በመላ አገሪቱ ተበትነው አስተምረዋል። ሌላ ሰው መሆንን የሚንቅ ሁሉ ይህን ታሪክ ይመልከት።

አዲስ ነገርን ስለ አዲስነቱ ብቻ መግፋትም ለደብረ ታቦር አይስማማትም። ፎገራ ናበጋ የተወለዱት አለቃ ገብረ ሐና፣ እንደሚነገረው የጣናን ሞገድና በነፋስ የሚወዛወዘውን ተክል አይተው አዲስ የአቋቋም ስልት ሲያወጡ የጎንደር ሊቃውንት አንቀበልም አሏቸው። ልጃቸው ተክሌ ስልቱን ይዞ ደብረ ታቦር ላይ አስተማረው፤ ከተማይቱም ተቀበለችው፤ ዛሬ «የተክሌ አቋቋም» ተብሎ በየአድባራቱ ይቆምበታል። አንዱ ያባረረውን ሌላው አስጠግቶ ወግ ያደርገዋል።

ደግሞም ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል። እኛ ዘንድ «ጨዋታ» ማለት መጫወቻው ብቻ አይደለም፤ ወግም ነው። እንግዳ ሲመጣ «ተጫወቱ እንጂ» እንለዋለን፤ ኳስ አምጥተን አንሰጠውም። በኢንተርኔት የሚና ጨዋታ ውስጥ የብዙዎቹ ሰዓት የሚያልፈው አውሬ በመግደል ይመስለናል፤ እጅግ የሚወደደው ሰዓት ግን አብረው የዘመቱት ሰዎች ከዘመቻው በኋላ ተቀምጠው የሚጨዋወቱበት ነው። ማትስ ስቲን የተባለው ኖርዌያዊ ወጣት ጡንቻ በሚያመነምን ሕመም ተይዞ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በ25 ዓመቱ ዐረፈ። ወላጆቹ ብቸኛ ሆኖ እንደ ኖረ፣ ወዳጅ ሳያፈራ እንደ ሞተ አምነው ያለቅሱ ነበር። መርዶውን በልጃቸው ገጽ ላይ ሲጽፉ ግን በ«ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» ውስጥ «ኢቤሊን» በሚል ስም ያውቁት የነበሩ ሰዎች ደብዳቤ ጎረፈ፤ ከተለያዩ የአውሮፓ አገሮች ተነሥተው ለቀብሩ የመጡም ነበሩ። አንዲቱን መክሮ ከልጇ ጋር አቀራርቧት ነበር፤ ሌላይቱን በኀዘኗ ጊዜ አጽናንቷት ነበር። ታሪኩ በ2024 በዘጋቢ ፊልም ለዓለም ታይቷል። እንግዲህ መራመድ ያልቻለው ሰው በሚናው ውስጥ ይሮጥ ነበር፤ ለቅሶው ላይ የቆሙት ሰዎች ግን ሥጋና ደም የለበሱ ነበሩ።

ይህ ነገር ለእኛ ቅንጦት አይደለም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነት ንፋስ መውጫንና ደብረ ታቦርን ነካ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት ተቀጣጠለ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በአማራ ክልል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ተለዩ። ለወጣቱ የቀረቡለት ሚናዎች ጥቂት፣ አንዳንዶቹም ሕይወትን የሚያስከፍሉ በሆኑበት ዘመን፣ ሐኪም ወይም አንጥረኛ ወይም መሪ ሆኖ ራሱን የሚሞክርበት፣ ቢሸነፍም ነገ የሚነሣበት ስፍራ ማግኘቱን «ጊዜ ማባከን» ብለን ብንንቅበት ፍርዳችን ግፍ ነው።

ይሁንና አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። ማትስ ስቲን የተጫወተው ጨዋታ በየወሩ የሚከፈልበት ነበር። ሒሳቡ ግልጽ ነው፦ ይህን ያህል ትከፍላለህ፣ ትገባለህ፤ ካልከፈልህ ትወጣለህ። እዚያ ያበበው ወዳጅነት የሚናው ፍሬ ነው። «ነጻ» የሚባለው ነገር ለዚያ ወዳጅነት ያዋጣው አንድም ነገር የለም።

ወደ ዋናው ተከሳሽ መጣን።

«ነጻ» ሰምና ወርቅ ያለው ቃል ነው። ሰሙ «ዋጋ የማይከፈልበት» ነው፤ ወርቁ «አርነት የወጣ፣ ጌታ የሌለው» ነው። የእነዚህ ጨዋታዎች «ነጻ» ግን በሰሙም በወርቁም ሐሰት ነው።

ሰሙን እንመርምር። እንዲህ ያለውን ዓለም ለመገንባትና ለማቆየት ብዙ ባለሙያ፣ ብዙ ኮምፒውተር፣ ብዙ ሚሊዮን ዶላር ይፈስሳል። ገንዘቡ ከየት ይመለሳል? አብዛኛው ተጫዋች ምንም አይከፍልም፤ ጥቂቱ እጅግ ብዙ ይከፍላል። የንግዱ ሰዎች እነዚያን ጥቂቶች «ዓሣ ነባሪ» ይሏቸዋል። ታዲያ የማይከፍለው ማን ነው? ዓሣ ነባሪው የሚዋኝበት ባሕር ነዋ! ባለ ብዙ ገንዘቡ የገዛውን ጌጥ የሚያይለት፣ ኀይሉን የሚቀናበት፣ በጦር ሜዳ የሚሸነፍለት ሕዝብ ያስፈልገዋል። ያ ሕዝብ እንዲኖር በሩ በነጻ ተከፈተ። ደሀው ልጅ የተጠራው ለድግሱ ማድመቂያ ነው።

መሸጫው ደግሞ ምን ዓይነት ነው? እንደ ሱቅ ዕቃ ዋጋው ተጽፎ አይሸጥም፤ ዕድል ነው የሚሸጠው። በ«ጌንሺን ኢምፓክት» አንድ ጊዜ ዕጣ ሲወጣ ከሁሉ የሚፈለገው ባለ አምስት ኮከብ ገጸ ባሕርይ የመውጣት ዕድሉ 0.6 በመቶ ነው፤ ከ1,000 ስድስት መሆኑ ነው። በ90ኛው ሙከራ ባለ አምስት ኮከብ መውጣቱ አይቀርም፤ ነገር ግን ያም ቢሆን የተመኙት ላይሆን ይችላል። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ይህን ጨዋታ የሚያሠራጨውን ኩባንያ ስለ ዕጣው ዕድልና ስለ እውነተኛው ዋጋ ልጆችን አሳስቷል ብሎ ከሰሰው፤ በጥር 2025 ኩባንያው 20 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈልና ከ16 ዓመት በታች ላሉት ያለ ወላጅ ፈቃድ የዕድል ሣጥን እንዳይሸጥ ተስማማ። ቤልጂየም አስቀድማ በ2018 እንዲህ ያለውን ሣጥን ቁማር ነው ብላለች። ደቡብ ኮሪያ ደግሞ በጥር 2024 የ«ሜፕልስቶሪ»ን ባለቤት ኔክሰንን 11.6 ቢሊዮን ዎን ቀጣች፤ ጥፋቱ የዕጣውን ዕድል ለተጫዋቹ ሳይነግሩ ዝቅ ማድረግ ነበር፤ አንዳንዶቹ ተፈላጊ ውጤቶች ጭራሽ ሊወጡ የማይችሉ ሆነው ሳለ ሣጥኑ መሸጡን አላቋረጠም።

እኛ ሎተሪ ያለ ፈቃድ እንዳይሸጥ ሕግ አለን፤ የቤቲንግ ቤት ደጃፍ ላይ የሚሰለፈውን ወጣት አይተን እናዝናለን። ያው ቁማር ሰይፍና ክንፍ ለብሶ በስልኩ ሲገባ ግን «ጌም ነው» ብለን እናልፈዋለን። ወይ አለማወቅ!

ይህን ከቅኔ ቤቱ ጋር አነጻጽሩት። እዚያም ደረጃ አለ፤ ተማሪው ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ፣ አንድ በአንድ እየወጣ፣ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። የባለጸጋ ልጅ ቢሆን፣ የመስፍን ልጅ ቢሆን፣ ከጉባኤ ቃና ወደ መወድስ በገንዘብ አይዘልም። ደረጃው ክብር ያገኘው ስለማይሸጥ ነው። በ«ነጻ»ው ጨዋታ ግን አንዱ ስድስት ወር የደከመበትን ሌላው በአንድ ምሽት ይገዛዋል፤ ሚናው የያዘው ትምህርት፣ ጥረትና ትዕግሥት፣ በዚያች ቅጽበት ይከሽፋል። ስለዚህ ነው «ነጻ»ው የሚናው ጠላት ነው የምለው።

«እኔ ግን አንድም ሳንቲም አልከፈልሁም» የሚል ወጣት ይኖራል። ይኑር፤ ግን ሌላ ነገር ከፍሏል። ጨዋታው በየዕለቱ ለገባ ስጦታ ይሰጣል፤ አንድ ቀን ለቀረ ይነሣል። በዓሉ በዚህ ቀን ያበቃል፣ ሽልማቱ ዳግም አይመጣም ይላል። ተጫዋቹ ጨዋታውን መጥራቱ ቀርቶ ጨዋታው ተጫዋቹን ይጠራዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባጸደቀው፣ ከ2022 መባቻ ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ የጨዋታ ሱስን አስገብቷል፤ መለኪያውም የሰዓት ብዛት ሳይሆን ሰውየው ራሱን መግዛት አቅቶት፣ ሕይወቱ ሲጎዳም መተው አለመቻሉ ነው፤ ይህም እንደ ደንቡ ለ12 ወራት ያህል የታየ ሊሆን ይገባል። ተጫዋች ሁሉ ሕመምተኛ አይደለም። ነገር ግን ትርፉ በሰው መመላለስ ላይ የቆመ ንግድ ሰውየው «ይበቃኛል» እንዲል አይመኝም።

ከዚያም በእኛ ላይ ብቻ የሚደርሰው ዋጋ አለ። «ጌንሺን»ን በስልክ ለመጫን ከ20 ጊጋባይት በላይ ያስፈልጋል። ይህን ያህል ዳታ በብር ገዝቶ የሚያወርድ የደብረ ታቦር ተማሪ «ነጻ» በሚለው ቃል ሊስቅ ይገባው ነበር። ሣጥኑም የተተመነው በዶላር ነው። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ ወር ማብቂያ ጀምሮ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ብዙም ሳይቆይ 100 ብርን አልፏል። በሌላው ዓለም የአንድ ሲኒ ቡና ዋጋ የሆነው ሣጥን እዚህ የሳምንት ቀለብ ነው። ለዚህ ሁሉ ወጪ የምናገኘው አገልግሎት ምንድር ነው? የጨዋታው ሰርቨሮች በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስያ የተመደቡ ናቸው፤ ለአፍሪካ የተለየ የለም። ከ10 በሚበልጡ ቋንቋዎች ይቀርባል፤ አማርኛ ከእነርሱ መካከል የለም።

አሁን ወደ ወርቁ። ይህ ዓለም የማን ነው? ተጫዋቹ ዓመታት የደከመበት ገጸ ባሕርይ፣ ያከማቸው ንብረት፣ ያቋቋመው ማኅበር ሁሉ በሌላ ሰው ቤት ያለ አደራ ነው። «ሲቲ ኦፍ ሂሮስ» የተባለው ጨዋታ በ2004 ተከፍቶ፣ በ2011 በነጻ መግባት ተፈቅዶበት፣ በኅዳር 2012 ባለቤቱ ዘጋው፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች የኖሩበት ከተማ በአንድ ቀን ጠፋ። በ2024 መጀመሪያ ባለቤቱ ፈቃድ የሰጣቸው በጎ ፈቃደኞች ባያስነሡት ኖሮ ዛሬ ስሙም ባልተነሣ ነበር። በአውሮፓ በ2025 ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ፈርመው «የተሸጠልንን ጨዋታ አታጥፉብን» ማለታቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

እኛ ዘንድ ደግሞ መዝጋት የሚችለው የጨዋታው ባለቤት ብቻ አይደለም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ መቋረጡም ለብዙ ወራት ዘለቀ። የባንኩና የትምህርቱ ጉዳት ከሁሉ ይከብዳል፤ ይህን አልዘነጋም። ነገር ግን ስለ ጨዋታው የሚያስተምረንን እንውሰድ፦ ገበጣውን በመሬት ላይ የቆፈረ ልጅ መጫወቱን ቀጠለ፤ ዓለሙን በሩቅ ሰርቨር ያስቀመጠ ግን በአንድ ሌሊት ስደተኛ ሆነ። ወጣቱ ሰው ከሁሉ ይልቅ በሚያስፈልገው ሰዓት ወዳጆቹ ከዚያኛው ወገን ቀሩ። ጌታ የሌለው ማለት ይህ ነውን?

አንድ ተቃውሞ አለ፤ ጠንካራ ነውና ላልፈው አልችልም። «በሩ በነጻ ባይከፈት ኖሮ ደሀው ከቶ አይገባም ነበር» ይባላል። እውነት ነው። ከ2017 ገደማ ጀምሮ የቬንዙዌላ ገንዘብ ሲወድቅ፣ ብዙ የዚያ አገር ሰዎች በ«ሩንስኬፕ» ውስጥ ምናባዊ ወርቅ እየቆፈሩ በዶላር ሸጠው ቤተሰብ ቀልበዋል። ነጻ በር ለድኻ በር ነው፤ ይህን አልክድም። ሆኖም እነዚያ ሰዎች ይጫወቱ ነበርን? ቀኑን ሙሉ አንድ ዘንዶ እየገደሉ ለባለ ገንዘቡ ወርቅ ሲያቀብሉ ጨዋታው የቀን ሥራ ሆኖባቸው ነበር፤ ያውም ደንቡ የሚከለክለው፣ ሲያዙ የሚያስባርር ሥራ። ድኻው በነጻው በር ገብቶ ያገኘው ያንኑ በውጭ የተወውን ሎሌነት ከሆነ፣ በሩን ማመስገን ያስቸግረኛል።

«እንግዲያው ይዘጋ!» የሚሉም አሉ። ቻይና በ2021 ከ18 ዓመት በታች ያሉት ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በበዓላት ቀን ከምሽቱ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ብቻ እንዲጫወቱ ወሰነች። እኔ ይህን አልደግፍም። መዝጋት ሚናውንም «ነጻ»ውንም አንድ ላይ ይቀብራል፤ ንጹሑን ከጥፋተኛው ጋር ይሰቅላል። ደግሞም መዝጋት በእኛ አገር ጥቂትም ያልጎደለን ነገር ነው፤ የጎደለን መለየት ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። ሕግ አውጪው የዕድል ሣጥንን በስሙ ይጥራው፦ ለልጅ የሚሸጥ ሎተሪ ነው። ሎተሪና ውርርድ የሚመራበት ደንብ እርሱንም ይድረሰው፤ ቢያንስ ዕድሉ በአማርኛ፣ ዋጋው በብር ተጽፎ ይታይ። ወላጅ ደግሞ «ስንት ሰዓት ተጫወትህ?» የሚለውን ጥያቄ ትቶ ሦስት ሌላ ጥያቄ ይጠይቅ፦ ይህ ጨዋታ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ይሠራልን? ዕድል ይሸጣልን? አንድ ሳምንት ብትተወው ይቀጣሃልን? ለሦስቱ የሚሰጠው መልስ ጨዋታውን ከነባሕርዩ ይገልጠዋል።

ወጣቱም እውነተኛውን ነጻ ይፈልግ፤ አለና! የ«ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» መሠረታዊ ሕግጋት ከጥር 2023 ጀምሮ ማንም ሊያባዛው፣ ሊተረጉመው፣ ሊለውጠው በሚፈቅድ ውል ተለቀዋል። ዳታ አይፈልግም፤ ስልክ አይፈልግም። ከጉና በሚወርደው ብርድ አምስት ልጆች እሳት ከበው፣ ወረቀትና እርሳስ ይዘው ሊጫወቱት ይችላሉ፤ ዘንዶውን ትተው በቋራና በመቅደላ መካከል የሚሄድ ታሪክ ቢያደርጉት ከልካይ የለባቸውም። በኮምፒውተርም እንደዚሁ «ዘ ማና ወርልድ» የተባለው በኢንተርኔት የሚካሄድ የሚና ጨዋታ ከ2004 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ ነው፤ የውስጥ አሠራሩ ለሁሉ ክፍት ነው፤ ሰርቨሩንም ማንም ወስዶ በራሱ ቤት ሊያስነሣው ይችላል።

ይህ የመጨረሻው ነገር ለእኛ ትልቅ ትርጉም አለው። ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ የባዕድ ዕቃ መቀበል ሰልችቷቸው «እዚሁ ይሠራ» አሉ፤ ሴባስቶፖል እዚያ ተወለደ። የጋፋት ሥራ በግዳጅ የተሠራ ነበርና እንደ ወረደ አላወድሰውም፤ ጥያቄው ግን ትክክል ነበር። ዛሬ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በጋፋት ስም ይጠራል። እዚያ ያሉ ተማሪዎች ክፍት የሆነውን ጨዋታ ወስደው፣ በአማርኛ ተርጉመው፣ በግቢያቸው ውስጥ ባለ አንድ ኮምፒውተር ላይ ቢያስቀምጡት፣ የውጭው መስመር በተዘጋበት ቀን እንኳ በግቢው መረብ ውስጥ ይሠራል። ጌታው የሚጫወተው ሰው ራሱ ይሆናል። አይቻልም እንዳይባል፣ ቅኔ ጌምስ የተባለው የአገራችን ድርጅት ዶሮ ከገበሬ የምታመልጥበትን «ኩኩሉ»ንና የገበጣን የስልክ ጨዋታ ሠርቶ አሳይቷል።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ሌላ ሰው መሆን መውደዱን አትፍሩ፤ እናንተም በቡሄ ቀን አውጪ ነበራችሁ። ወጣቶች ሆይ፣ «ነጻ ነው» በማለት አትመኩ፤ የማይከፈልበት ግብዣ ሲጠሯችሁ ድግሱ የማን እንደ ሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ቸር እንሰንብት።